አምቡላንስ ተጠርቶ እሳት አደጋ የሚመጣው ለምንድን ነው?

አሜሪካ ዘመድ ያለው የአዳማ ሰው ይህን ወሬ በስልክ ሳይሰማ አልቀረም። እናት ደረታቸውን ያማቸዋል። ልጅ ትደነግጥና 911 ትደውላለች። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ በር ላይ የሚቆመው አምቡላንስ ሳይሆን የውሃ ቱቦ የተሸከመ ትልቅ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ነው። ሰዎቹ ከነቦርሳቸው ዘለው ይወርዱና እናትየው ደረት ላይ ሽቦ ይለጥፋሉ። ከዚያ አምቡላንስ ይመጣል። ሠራተኞቹ የለበሱት ዩኒፎርም ሌላ፣ መኪናው ላይ የተጻፈውም የሌላ ድርጅት ስም ነው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሂሳብ በፖስታ ይመጣል። ያኔ ነው እዚህ አዳማ ድረስ ተደውሎ "እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ እሳት አደጋ ምን ሊሠራ መጣ? ከመጣስ ለምን ራሱ አልወሰዳቸውም?" የሚባለው።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እኛንም ስለሚነካ ረጋ ብለን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከርቀት እንጀምር። የእሳት አደጋ ጣቢያ የሚሠራው እሳቱ ሳይዛመት ለመድረስ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጣቢያ መሃል ከተማ ከማቆም ይልቅ ትንንሾቹን በየሰፈሩ ይበትኗቸዋል። ውስጣቸው ሌትና ቀን ሰው አለ። በ1980 አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የእሳት አደጋ ይደርስ ነበር። አሁን ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። የግንባታ ሕጉ ጠበቀ፣ ጭስ ጠቋሚ በየቤቱ ገባ፣ ሲጋራ አጫሹም ቀነሰ። ጣቢያዎቹ ግን አሉ፤ ሰዎቹም አሉ።

የቆመ ልብ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ደረቱን የሚጫን ወይም በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡን የሚያስነሳ ሰው ካልደረሰለት፣ የታማሚው የመትረፍ ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። እንግዲህ 12 ደቂቃ ርቆ ያለውን ምርጥ አምቡላንስ እጅን አጣጥፎ ከመጠበቅ፣ 4 ደቂቃ ላይ ያለውን እሳት አደጋ የሕክምና ሥልጠናና ዕቃ ሰጥቶ መላክ ይሻላል። ነገሩ ይኸው ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሙያተኞች የሚመሩበት መለኪያም ይህንኑ ነው የሚለው፤ የሕክምና ጥሪ ሲመጣ በ60 ሰከንድ መኪና ውስጥ ግቡ፣ የመጀመሪያው ቡድን በ4 ደቂቃ ጉዞ ይድረስ፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሰጠው ደግሞ በ8 ደቂቃ። ዛሬ እሳት አደጋ ከሚጠራባቸው 100 ጥሪዎች ከ60 በላይ የሚሆኑት የሕክምና ናቸው። እሳት 4 ገደማ ቢሆን ነው። ስሙ እሳት አደጋ ይባል እንጂ ቀኑን የሚያሳልፈው ከታማሚ ጋር ነው።

ታዲያ እሱ ካለ የግል አምቡላንሱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ አለ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ከአምቡላንስ አገልግሎቱ ግማሽ ያህሉን ይሠሩ የነበሩት ቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። አዎ፣ ሬሳ የሚያነሱት ሰዎች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው አስተኝቶ መውሰድ የሚችል ረጅም መኪና ያላቸው እነሱ ነበሩ። ሕክምና የሚባል ነገር አልነበረም። ታማሚውን ይጭናሉ፣ ይነዳሉ፣ ያደርሳሉ። በ1966 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ሪፖርት ይህን ጉድ አደባባይ አወጣው። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው መንገድ ላይ በረባ ባልረባው እየሞተ እንደሆነ በግልጽ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን መንገድ ያዘ። ፒትስበርግ ውስጥ በ1967 ፍሪደም ሃውስ የሚባል አምቡላንስ ተጀመረ። ሥራ አጥ የነበሩ የጥቁር ሰፈር ልጆች በደንብ ሠልጥነው አገሪቱ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች፣ ማለትም ከፍ ያለ ሕክምና መንገድ ላይ ከሚሰጡት የአምቡላንስ ባለሙያዎች መሃል ሆኑ። ይህ ታሪክ ሲነገር መቼም አይሰለቸኝም፤ ምክንያቱም ማንም ከቁብ ያልቆጠራቸው ልጆች ናቸው ሙያውን ያቋቋሙት። ከተማው በ1975 የራሱን አገልግሎት ሲጀምር የእነሱን ዘጋው። ሲያትል ደግሞ በ1970 አንድ የልብ ሐኪምና የከተማው የእሳት አደጋ አለቃ ተስማሙና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ፓራሜዲክ ማድረግ ጀመሩ። ሌላው ቦታ ሆስፒታሉ ያዘው። ሌላው ቦታ ቀብር አስፈጻሚዎቹ ደመወዙና የሥልጠናው መስፈርት ሲከብዳቸው ትተው ወጡና ክፍተቱን የግል ኩባንያ ሞላው። አምቡላንስ የማን ሥራ እንደሆነ ለሁሉም የሚደነግግ አንድ የአገር ሕግ አልወጣም። ስለዚህ ዳላስ ያለ ዘመድና ሲያትል ያለ ዘመድ የሚነግሯችሁ ቢለያይ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ነገሩ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው።

እሳት አደጋ የሚተዳደረው በአብዛኛው በግብር ነው። ጥሪ ኖረም አልኖረም ደመወዙ ይከፈላል። አምቡላንስ ግን የሚከፈለው በጉዞ ነው፤ ታማሚውን ለጫነበት አንድ ሂሳብ፣ ለተጓዘው ርቀት ደግሞ ሌላ። በ1965 ለአረጋውያን የተቋቋመው የመንግሥት የጤና መድን አምቡላንስን ያየው እንደ ማመላለሻ ነው፣ እንደ ሕክምና አይደለም። ሌላውም መድን ሰጪ ያንኑ ተከተለ። ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ ሰው ቤት ደርሰው፣ በደም ሥር ግሉኮስ ሰጥተው፣ ሰውየው ነቅቶ "ደህና ነኝ፣ ሆስፒታል አልሄድም" ካለ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለም። ሕይወቱን አትርፈዋል፣ ሳንቲም ግን አይገባም። እንግዲህ የግል ኩባንያ ገንዘብ ባለበት በኩል ቢቆም ምን ይገርማል? መድረሱና ማረጋጋቱ ለእሳት አደጋ፣ መጫኑና ማድረሱ ለግሉ፤ ብዙ ቦታ ክፍፍሉ እንዲህ ሆነ።

ከተማው ወይም አውራጃው ጨረታ ያወጣል። ያሸነፈው ኩባንያ የአካባቢውን የድንገተኛ ጥሪ ብቻውን የመሥራት መብት ያገኛል። በምላሹ ግዴታ ይገባል፤ ከ100 ጥሪ 90ውን በተባለው ደቂቃ ውስጥ ካልደረሰ ይቀጣል። ኩባንያው ደግሞ እንደ እሳት አደጋ ጣቢያ አይሠራም። ኮምፒውተር ጥሪ በየትኛው ሰዓት ከየት እንደሚበዛ ያሰላና አምቡላንሶቹን ነዳጅ ማደያና መኪና ማቆሚያ ላይ በትኖ ያስጠብቃቸዋል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ተነስቶ ክፍተቱን ይሸፍናል። ሠራተኞቹ ሙሉ ፈረቃቸውን ወንበር ላይ የሚጨርሱበት ቀን አለ። ጤናቸውንም ትዳራቸውንም የሚጎዳ ሥራ ነው፤ ደመወዙም ብዙ ቦታ ከእሳት አደጋው ያንሳል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ልጨምር። በአንዳንድ ውሎች ፓራሜዲክ የያዘ የእሳት አደጋ መኪና ቀድሞ ከደረሰ አምቡላንሱ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈቀዱለታል። ይህ ማለት ኩባንያው ጥቂት አምቡላንስ አሰማርቶም ቅጣት ያመልጣል ማለት ነው፤ ያተረፈለት ደግሞ በግብር የሚተዳደረው እሳት አደጋ ነው። የእሳት አደጋ አለቆችና የኩባንያ ሥራ አስኪያጆች በየምክር ቤቱ የሚሟገቱት በአብዛኛው ስለዚህ ዓይነት ነገር ነው። አንዳንድ ቦታ ኩባንያው ለእሳት አደጋው የድርሻውን እንዲከፍል ተደርጓል። ትክክል ነው እላለሁ።

ስልኩ የሚነሳበት ክፍል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የመጀመሪያው 911 የተደወለው በ1968 አላባማ ውስጥ ሄይሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ፊት ለፊቱ የተዘጋጀ ጥያቄ አለ። የት ናችሁ? ነቅቷል? ይተነፍሳል? በመልሱ መሠረት ጥሪው ደረጃ ይሰጠዋል። መተንፈስ ያቆመ ሰው ከሆነ ቅርብ ያለው ሁሉ ይነሳል፣ በስልኩም "እጅሽን ደረቱ መሃል ላይ አድርጊ፣ ተጫኚ" እየተባለ ይነገራል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ከሆነ ደግሞ አንድ አምቡላንስ ያለ ሳይረን ይሄዳል። ደረጃ የማይሰጥ ከተማ ለሁሉም ሁለት መኪና እያከነፈ ይልካል። እሱ ብክነት ብቻ አይደለም፣ በራሱ አደጋ ነው፤ ትልቅ መኪና በሳይረን ሲበር ሰው ይገጫል።

ቦታው ላይ ሁለቱ ሲገናኙስ? የዱላ ቅብብል ሩጫ አስቡ። ዱላው የሚወድቀው ሲቀባበሉት ነው። ቦታውን የሚመራው፣ ማለትም መንገድ ዝጉ፣ መኪናውን ቁረጡ፣ ወደኋላ በሉ የሚለው የእሳት አደጋው ቡድን አለቃ ነው። ታማሚውን የሚመራው ግን ከፍ ያለ የሕክምና ሥልጠና ያለው ሰው ነው። መሠረታዊ ሥልጠና ያለው የአምቡላንስ ሠራተኛ ከ120 እስከ 150 ሰዓት ገደማ የተማረ ሲሆን፣ ፓራሜዲክ ከ1,000 ሰዓት በላይ ነው። እሳት አደጋው ላይ ያለው ፓራሜዲክ መድኃኒት በደም ሥር ጀምሮ ከሆነና የመጣው አምቡላንስ ፓራሜዲክ ከሌለው፣ እሱ አብሮ አምቡላንሱ ውስጥ ይገባል፤ ቀዩ መኪና ባዶ ወንበር ይዞ ከኋላ ይከተላል። ርክክቡ ራሱ አጭር ነው። ዕድሜ፣ ምን ሆነ፣ መቼ ጀመረው፣ የደም ግፊት ስንት፣ ምን ተሰጠው፣ ለምን መድኃኒት አለርጂ አለው። ሃያ ሰላሳ ሰከንድ። "አስፕሪን ሰጥቼዋለሁ" የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተረሳች ሆስፒታሉ ሲደርስ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ለዚህ ነው ሁለቱም ድርጅቶች በአንድ ሐኪም በጸደቀ አንድ መመሪያ እንዲሠሩ የሚደረገው። ከየትኛውም ውል በላይ ይህን አስቀድማለሁ።

ድብልቁ ምን ምን መልክ እንዳለው በጥቂት ከተሞች ማየት ይቻላል። ብዙ ሐበሻ ያለባት ዋሽንግተን ዲሲ አምቡላንሱም የእሳት አደጋው ነበር። ጥሪው ከአቅም በላይ ሆነና ከ2016 ጀምሮ ቀለል ያሉ ታማሚዎችን እንዲያመላልስ የግል ኩባንያ ቀጠረች፤ የከበደውን እሳት አደጋው ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ የዲሲዋ አክስታችሁ በግል አምቡላንስ ከተወሰዱ፣ ሕመማቸው ለሞት የሚያሰጋ እንዳልሆነ ተገምቶ ነው ማለት ነው። ሲያትልም ተመሳሳይ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተምሥራቅ ያለው የኮንትራ ኮስታ አውራጃ ግን ነገሩን ገለበጠው። ከ2016 ወዲህ ጨረታውን ያሸነፈው የእሳት አደጋው ሲሆን፣ የግሉ ኩባንያ በእሱ ሥር ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ ይሠራል። ሂሳቡን የሚሰበስበው እሳት አደጋው ነው፣ ለኩባንያው ደግሞ በስምምነታቸው ይከፍላል። ሳንዲያጎ በ2021 ሁሉንም ለአንድ ኩባንያ ሰጥታ፣ ቃል የተገባው ያህል አምቡላንስ መንገድ ላይ ሲጠፋ በ2023 ወደዚሁ ዓይነት አሠራር ዞረች። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡን የያዘው አካል ለሕዝብ ተጠሪ ከሆነ፣ አምቡላንስ ሲያንስ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል።

እንከኑ አላለቀም። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ታማሚው ያልጠበቀውን የሕክምና ሂሳብ የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ የአየር አምቡላንስን ሲያካትት የመሬቱን ትቶታል። ደንግጦ 911 የደወለ ሰው ኩባንያ አይመርጥም፤ የመጣው ኩባንያ ከመድን ሰጪው ጋር ውል ከሌለው ግን ልዩነቱ ራሱ ላይ ይወድቃል። ይህ በደል ነው። ሌላው ደግሞ የሆስፒታል ጥበቃ ነው። ድንገተኛ ክፍሉ ሲሞላ አምቡላንሱ ታማሚውን ከነቃሬዛው ኮሪደር ላይ ይዞ ይቆማል፤ እሱ እዚያ በቆመ ቁጥር ሰፈር ውስጥ አንድ መኪና ጎደለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

አዳማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ነች። በአንድ በኩል በ2014 የተከፈተው ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ የሚያበቃው እኛ ጋ ነው። በሌላ በኩል ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በአዋሽ፣ በመተሐራና በወለንጪቲ አድርጎ እኛ ጋ ይገባል። በመሃል ባጃጁ አለ። ተጎጂው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው። እርዳታውን በተመለከተ ቁርጥራጩ ሁሉ አለን። በ1935 የተመሠረተው ቀይ መስቀል በ907 አምቡላንስ ይልካል። መንግሥት ለየወረዳው በተለይ ለወላድ እናቶች ብሎ ያሰማራቸው አምቡላንሶች አሉ። የግሉን በተመለከተ በአገር ደረጃ መንገዱን የከፈተው ጠብታ አምቡላንስ ነው፤ ክብረት አበበ የተባለ የማደንዘዣ ነርስ ቤቱን ሸጦ በ2008 የጀመረው፣ በ8035 የሚጠራ። አዲስ አበባ ላይ በ939 የሚጠራው እሳትና አደጋ ደግሞ የራሱ አምቡላንሶች አሉት።

ታዲያ የአሜሪካውን እንዳለ እንቅዳው? አይሆንም። እዚያ ቀዩ መኪና የሚቀድመው ቀይ ስለሆነ ሳይሆን ቅርብ ስለሆነ ነው። አዳማ ውስጥ በየሰፈሩ የእሳት አደጋ ጣቢያ የለም። እኛ ጋ ሌትና ቀን በየማዕዘኑ ቆሞ ያለው ማን ነው? ባጃጁ ነዋ። ትራፊክ ፖሊሱ፣ ተራ አስከባሪው፣ ፋርማሲስቱ። እዚህ አደጋ ሲደርስ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ሁላችሁም አይታችኋል።

እኔም መናኸሪያው አካባቢ ካየሁት አንዱ ከዓይኔ አይጠፋም። አንድ ወጣት በሞተር ተገጭቶ ወድቋል። ወዲያው ሰው ከበበው። የኛ ሰው ደግ ነው፣ ማንም ዝም ብሎ አላለፈም። አንዱ ብብቱን፣ አንዱ እግሩን ይዞ አነሱት፤ ጭንቅላቱ ወደኋላ ተንጠለጠለ። ባጃጁ ጠባብ ነው፣ አልዘረጋ አለ። ወገቡን አጥፈው፣ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አድርገው አስገቡት። አንዲት እናት ውሃ በአፉ ልታፈስ ስትል አንዱ ከለከላት። ባጃጁ በረረ። ከአንገቱ አጥንት አንዱ ተሰንጥቆ ከነበረ ያ አነሳስ ብቻውን ሽባ ሊያደርገው ይችል ነበር። ሰው እርዳታ አልነፈገውም፤ የጎደለው እንዴት እንደሚነሳ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

ጋና ይህን አይታ በቀጥታ ሾፌሮቹን አሠለጠነች። መደበኛ የአምቡላንስ አገልግሎት ባልነበረበት ጊዜ ከ300 የሚበልጡ የታክሲ፣ የአውቶቡስና የጭነት መኪና ሾፌሮች ለ6 ሰዓት ያህል የመጀመሪያ እርዳታ ተማሩ። ደም ማቆም፣ የአየር መንገድ መክፈት፣ የተሰበረን መደገፍ። በኋላ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የተማሩትን መንገድ ላይ ሠርተውበታል። አዳማ ላይ የባጃጅ ማኅበራት አሉ፣ ስብሰባም ያደርጋሉ። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ማሠልጠን ሥራው ነው። እሳት አደጋው ደግሞ መኪና ቆርጦ የተቀረቀረ ሰው ማውጣት ይችላል፤ ሌላው ይህን አይችልም። ስለዚህ ክፍፍሉ እዚህ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የሠለጠነው ሾፌርና ትራፊክ ደም ያቁም፣ ሰው እንዳይነካው ይጠብቅ፤ የተጣበቀ ካለ እሳት አደጋ ያውጣ፤ የመንግሥትም ይሁን የቀይ መስቀል ወይም የግል፣ ቅርብ ያለው አምቡላንስ ይውሰድ፤ የግሉ የሄደበትን ማን እንደሚከፍል ደግሞ ሰው ከመውደቁ በፊት በወረቀት ይለቅ። ይህን የሚያስማማ ጠረጴዛ የሚያዘጋጅ የከተማ አስተዳደር ነው የሚያስፈልገው። እያንዳንዱ የራሱን ስልክ ብቻ እያነሳ እስከቀጠለ ድረስ ሁለት አምቡላንስ አንድ ቦታ ሊሄድ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አንድም ላይደርስ ይችላል።

እስከዚያው እያንዳንዳችን የምንችለው አለ። 907ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ካለው የሹፌሩን ቁጥር ዛሬ ጠይቁ፣ የምትፈልጉት ቀን ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርም። ስትደውሉ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ፣ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ መኪና እንዲነሳ። ቀጥሎ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ይተነፍሳል ወይ፣ ደም ይፈሳል ወይ። እስኪመጡ ድረስ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ ጨርቁን እያነሳችሁ አትዩት። የወደቀውን እሳት ወይም መኪና ካላሰጋው በስተቀር አታንሱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አትስጡ። ማንሳት ግድ ከሆነ አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን ከሰውነቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎቹ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በአንድ ጊዜ ያንሱት፤ ባጃጅ ሳይሆን ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ለምኑ። ደግሞ ቤታችን የመንገድ ስምና ቁጥር ስለሌለው "ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ ሰማያዊ በር" የሚለው አቅጣጫ ለእንግዳ ሹፌር አይገባውም። አንድ ልጅ ወደ አስፋልቱ ላኩና አምቡላንሱን እዚያው ቆሞ ይጠብቅ፤ ማታ ከሆነ የስልክ መብራት አብርቶ።